በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ከየት ነው የምትገዙት?

የጎሮዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እስከ አምና ድረስ በርበሬም ሽሮም ቅቤም ገዝቼ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ናት በየዓመቱ አዘጋጅታ በአውቶቡስ የምትልክልኝ። ዘንድሮ ወገቧን አሟት ሥራው ከበዳት። "እማ አታስቢ፣ እዚህ ሁሉም አለ" ብዬ ራሴ መግዛት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ከሰፈራችን አንድ ሱቅ የተፈጨ በርበሬ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው፣ ዓይን ይማርካል። ሽንኩርቱን አቁላልቼ ስጨምረው ግን አልያዝ አለኝ። ዘይቱ ለብቻው ወደ ላይ ወጣ፣ ዱቄቱ ለብቻው ወደ ታች ሰመጠ። ወጡ አልቆ ድስቱን ሳጥብ ከሥሩ ደለል ተቀምጧል። ባለቤቴም ሲበላ ጥርሱ ሥር እየተንቀጫቀጨ አስቸግሮት ነበር። በማግስቱ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በትኜ አቆየሁት። ላዩ ላይ የበርበሬው ልጣጭና ፍሬ ተንሳፈፈ፤ ከታች ደግሞ ቀይ፣ ከባድ፣ በጣት ሲያሹት የሚሻክር ነገር ረጋ። ብርጭቆውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ አልተቆጣም፣ አልካደምም። "እህቴ፣ እኔም እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው፣ ሌላ ቦታ ብትሄጂም ያው ነው" አለኝ። እውነቱን እንደሆነ ሳስብ የባሰ ደነገጥኩ።

ቅቤውን ደግሞ ቤት ለቤት ከምታዞር ሴት ነው የገዛሁት፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ። ከላይ ቢጫ ነው፤ ስቆርጠው መሀሉ ነጣ ያለ ሆነ። ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን ጨምሬ ሳነጥረው እናቴ ቤት የማውቀው ሽታ አልመጣም። የመጣው የቅመሙ ሽታ ብቻ ነው። ከድስቱ ሥር ጠቆር ያለ ሙጫ ነገር ያዘ። ጎረቤቴ "ሙዝ ነው" አለች፣ ሌላዋ "ድንች ነው" አለች። እኔ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የአሥር ወር ልጅ ስላለችኝ ነው። ገንፎዋ ላይ ቅቤ ጣል አደርጋለሁ፣ ከአልጫው አቀምሳታለሁ። እኛ አዋቂዎቹ እንደምንም እንችለው ይሆናል፤ እሷ ግን ምን እንደምትበላ የመምረጥ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ባለቤቴ "ቅቤ የሚባል ይቅር" ይላል። ሁሉን እየተውን ምን ልንበላ እንደሆነ አልገባኝም።

እባካችሁ "ተጠንቀቂ" የሚል መልስ አትስጡኝ፣ ተጠንቅቄያለሁ። ከየት ትገዛላችሁ? ምን ዓይታችሁ ነው የምታምኑት? በስልክ የሚዘዋወረው የሎሚው፣ የክብሪቱ፣ የውኃው ፈተና የትኛው ነው እውነት?

ሙዳይ፦

እህቴ፣ እኔ ያደግኩት ባልትና ቤት ነው። እናቴ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ነው ያሳደገችን፤ እስካሁንም በዓል ሲደርስ አግዛታለሁ። የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፦ ያልተፈጨ ግዢ። ዱቄት የሆነ ነገር ላይ ዓይንሽ ምንም ሊያደርግልሽ አይችልም። ዛላው፣ ፍሬው፣ እህሉ ግን ራሱን ይናገራል።

በርበሬ ስትገዢ ዛላውን አንስተሽ ጆሮሽ አጠገብ አንቀጭቅጪው። በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። እጅሽ ላይ ለስለስ ብሎ የሚጠመዘዝ ከሆነ እርጥበት አለው። ኪሎ እንዲያነሳ ውኃ የሚረጩበት አሉ፤ እዚህ ላይ ገንዘብሽን ብቻ አይደለም የምትጎጂው፣ እርጥብ በርበሬ በማዳበሪያ ታስሮ ሲቀመጥ ይሻግታል። ስለዚህ ከመሀል አንድ ሁለት ዛላ አውጥተሽ ቅደጂው። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካየሽ ከዚያ ማዳበሪያ አትግዢ፤ የተሻገተውን ለቅሜ እጥለዋለሁ አትበይ። ከላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ ነጋዴ ጋ ደግሞ አትቁሚ። የማረቆ ወይም የሀላባ ነው ሲሉሽ ስሙን ሳይሆን ዛላውን ተመልከቺ፤ መርካቶ በርበሬ ተራ የማረቆ ያልሆነ በርበሬ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ሁሉም "የማረቆ ነው" ነው የሚለው። ምርቱ በብዛት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ የዓመቱን ያን ጊዜ ብትይዢ ዋጋውም ምርጫውም ይሻላል።

ከዚያ ዘንጉን ቀንጥሰሽ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ደልዘሽ፣ ቅመሙን አምሰሽ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው ጋ ቁሚ። ትተሽ ሄደሽ ማታ ልውሰድ አትበይ። ወፍጮው መጀመሪያ የሚያወጣው ከአንቺ በፊት ያስፈጨው ሰው ትራፊ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለይተው እንዲያወጡልሽ ጠይቂ። ጥሩ ባለ ወፍጮ ይህን ሲጠየቅ ቅር አይለውም።

ሽሮ ላይ ግን የማስጠነቅቅሽ አፈር አይደለም፣ ጓያ ነው። ጓያ ርካሽ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ሲፈጭ ደግሞ ከአተር ሽሮ ማንም አይለየውም። ክክ ሆኖም ቢሆን ከአተር ክክ ጋር ሲደባለቅ ያስቸግራል። ድፍኑን ካየሽው ግን አትሳሳቺም፦ አተር ክብ ነው፤ ጓያ ማዕዘን አለው፣ እንደ መጥረቢያ ጠርዝ ጠፍጠፍ ይላል፣ ቆዳው ግራጫና ቡናማ ነጠብጣብ አለው። አያቴ ጎጃም እያለች ጓያ የሰበራቸውን ሰዎች አይታለች፤ እግራቸውን ተይዘው በምርኩዝ የቀሩ ጎልማሶች። አልፎ አልፎ የተቀመሰ ጓያ ሰው አይሰብርም፤ የሚሰብረው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ቢሆንም ሽሮ በቀን ሁለት ጊዜ በሚበላበት ቤት ስንት እጁ ጓያ እንደሆነ አለማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። አተሩን፣ ባቄላውን፣ ሽምብራውን ድፍኑን ገዝተሽ፣ ሰፌድ ላይ ለቅመሽ፣ ቆልተሽ አስከክተሽ አስፈጪ። አንድ ቅዳሜ ይፈጅብሻል። ለወራት ትገላገያለሽ።

ናሙና ተቀባይ፦

የምሠራው ምግብ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ስለ ቤት ውስጥ ፈተናዎቹ ልመልስ። አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ሰው ያሳስታሉ።

የውኃው ፈተና ለአፈርና ለሸክላ ዱቄት ይሠራል። የጎሮዋ ያደረገችው ትክክል ነው፤ ማዕድን ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይሰምጣል፣ በጣት ሲታሽም ይሻክራል። ለቀለም ግን በከፊል ብቻ ነው የሚረዳው። የበርበሬ የራሱ ቀለም በዘይት እንጂ በውኃ ብዙ አይሟሟም፤ ስለዚህ ዱቄቱ ውኃ ላይ እንደተበተነ ደማቅ ቀይ ክር እየለቀቀ ከወረደ በውኃ የሚሟሟ ቀለም ተጨምሮበታል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሱዳን የሚባሉት የኢንዱስትሪ ቀለሞች ግን እነሱም የሚሟሙት በዘይት ነው። ለምግብ የተከለከሉ ናቸው፤ ብርጭቆ ውኃ አያወጣቸውም። ውኃው ንጹሕ ሆኖ ስለታየ በርበሬው ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ሎሚው። ጤፍ ዱቄት ላይ ሎሚ ጨምቆ አረፋ ካላወጣ ጀሶ የለበትም የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። ስህተት ነው። በአሲድ የሚፈላው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ጀሶ ሌላ ነው፤ ሎሚ ቢፈስበት ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ ያ ፈተና በትክክል የሚያሳልፈው የተፈራውን ነገር ነው። ጤፍ ላይ ሌላም ነገር አለ፦ አውድማ ላይ ሲወቃ አፈር ይገባበታል፤ ጥቂት አሸዋ ስለተገኘ ብቻ ማጭበርበር ነው ብለን መፍረድ የለብንም። ጤፉን በእህልነቱ ገዝቶ አበጥሮና ነፍቶ ማስፈጨት ሁለቱንም ይፈታል። ሙዳይ ያለችው እዚህም ይሠራል።

ቅቤ ላይ፦ ንጹሕ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ያ ማለት ከመዳፍ ጀርባ ላይ ትንሽ ሲቀባ በሰውነት ሙቀት ብቻ ሊቀልጥ ይገባል። የረጋ የአትክልት ዘይት ከተቀላቀለበት እየተዳለጠ እንደ ሻማ ይቆያል። ድንች ወይም ዱቄት መግባቱን ለማወቅ ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን በቀለጠው ቅቤ ሥር የረጋው ላይ ጠብ ማድረግ ነው፤ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ስታርች አለ። የበሰለ ሙዝ ግን ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ በአዮዲን ላይወጣ ይችላል፤ እሱን የሚያጋልጠው ሲነጠር ከሥር የሚይዘውና የሚጠቁረው ነው። የጎሮዋ ያየችው ለእኔም የሚመስለኝ ያ ነው፤ ግን ሳይመረመር እርግጠኛ ነኝ አልልም።

ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ ከተቀጣጠለ ማሩ ንጹሕ ነው የሚለው ፈተና አይረባም። ማር ረጋ ማለትም ስኳር ገባበት ማለት አይደለም፤ የትግራይ ነጭ ማር ንጹሕ ሆኖ ይረጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ማለት የምፈልገው ይህ ነው። በዓይን የሚታየው ሸክላና ሙዝ ሰውን ያስቆጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፣ ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ላይ የተሠራ። ሁሉም ላይ አፍላቶክሲን፣ ማለትም ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ፣ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው 0.05 ማይክሮግራም በሊትር ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ፤ 29ኙ ደግሞ አሜሪካ ከምትፈቅደው 0.5 እንኳ አልፈዋል። ወተቱ ላይ ማንም መርዝ አልጨመረም። የመጣው ከመኖው ነው፣ በተለይ ከሻገተ የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ ከሚቀረው። ላሟ በላችው፣ ወደ ወተቱ አለፈ። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፣ አፍላቶክሲንን ግን አያጠፋም። ለዚህ ነው ሙዳይ ስለ ሻገተው ዛላ ያለችውን ሁለት ጊዜ አንብቡ የምለው፤ የሚያስፈራው ሻጋታ በርበሬም ላይ ለውዝም ላይ ያው ነው።

ለሕፃኗ ወተት የምትገዙት በቅርብ ከሚያረባ ሰው ከሆነ ስለ ውኃ ብቻ አትጠይቁት። ላሞቹን ምን እንደሚያበላና ፋጉሎውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠይቁት። መጋዘኑን አሳየኝ በሉት።

የኪራይ ቤት፦

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛላውን በኪሎ ገዝቶ፣ አስጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ቆሞ ማስፈጨት የማይችለው ሰውስ?

የምኖረው አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ማስጫ ግቢ የለኝም፤ ባለቤትየዋ ገመድ ላይ ልብስ ስናሰጣ እንኳ ትቆጣለች። ደመወዝ እስኪወጣ በርበሬ የምገዛው በትንሽ በትንሹ በላስቲክ ከታሰረው ነው፣ ዘይት በሲኒ ተለክቶ ነው። እንጀራ በቁጥር ነው። ባዕድ ነገር የሚበዛው ደግሞ እኛ የምንገዛው ላይ ነው፤ በኪሎ የሚገዛውማ አማርጦ፣ ቀምሶ፣ ካልወደደው ትቶ ይሄዳል። እኔ ትቼ የት እሄዳለሁ? ቀጣዩም ሱቅ ያንኑ ላስቲክ ነው የሚሸጠው።

የተቆጣሁት እናንተ ላይ አይደለም። "ያልተፈጨ ግዙ" ማለት ብቻውን ግን ችግሩን ወደ ድሃው ገፍቶ ማለፍ ይመስለኛል። ሻጩስ የሚጠየቀው መቼ ነው?

ባለ ሱቁ ከሰሚት፦

ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ፣ ስለዚህ ከሌላኛው ወገን ልናገር። የኪራይ ቤት፣ የተናገርሽው ልክ ነው፤ አልከራከርም።

እኛ ዘንድ የተፈጨ በርበሬ ይዞ የሚመጣ አከፋፋይ አለ። ስም የለው፣ አድራሻ የለው፣ ስልክ ብቻ ነው ያለው። ዋጋውን ሲነግረኝ የማደርገው ሒሳብ ይኸው ነው፣ እናንተም ልታደርጉት ትችላላችሁ። አንድ ኪሎ ዛላ ዘንጉ ሲቀነጠስ ይቀንሳል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል። ላዩ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ይገዛል። ሠራተኛ ይከፈላል፣ ወፍጮ ይከፈላል፣ መኪና ይከፈላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የተፈጨው ከዛላው ዋጋ ጋር እኩል ወይም ባነሰ ከተሸጠ ልዩነቱን የሞላው አንድ ነገር አለ። ያንን ዕቃ አልቀበልም። እዚያው ማዶ ያለው ሱቅ ይቀበላል፣ ደንበኛም ወደ እሱ ይሄዳል፤ እውነቱ ይህ ነው። ቅቤም እንደዚያው፦ የበዓል ዋዜማ ቅቤ በየቦታው ሲወደድ አንድ ሰው ብቻ በርካሽ ካመጣ ከየት አመጣው ብላችሁ ጠይቁ።

የቅቤ ጊዜው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋው ይወርዳል፣ ማደባለቁም ብዙ አያዋጣም። ያን ጊዜ ገዝቶ ማንጠር ነው፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ከተከደነ ይቆያል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ ዋዜማ መግዛት ግን በውድ ዋጋ አጠራጣሪ ዕቃ መግዛት ነው።

ሻጩ መቼ ይጠየቃል ላልሽው፦ ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ምግብ ውስጥ ባዕድ ነገር መደባለቅ ወንጀል ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ግን ስትደውሉ የሚጠይቋችሁን አስቡ፦ የየትኛው ድርጅት ምርት ነው? መቼ ተመረተ? መለያ ቁጥሩ ስንት ነው? በላስቲክ የታሰረ በርበሬ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ አጭበርባሪው የሚድነው በዚህ ነው። ስለዚህ የትም ግዙ፣ ከተቻለ ደረሰኝ ተቀበሉ። ካልተቻለ የተጠራጠራችሁትን ሁሉ አትጣሉት፤ ከነላስቲኩ አስሩት፣ የገዛችሁበትን ቀንና ሱቅ ጻፉበት፣ ወረዳችሁ ድረስ ይዛችሁት ሂዱ። የጎሮዋ፣ ያ በርበሬ አሁንም አለሽ?

እማማ ከሽሮ ሜዳ፦

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

የጎሮዋ ልጄ፣ ለሕፃኗ ስትይ ቅቤ አትተይ፣ የማታውቂውን ቅቤ ግን አትስጫት። የተነጠረ አትግዢ፤ የተነጠረና ቅመም የገባበት ሽታውም መልኩም ይሸፈናል። ለጋውን ግዢ። በእንጨት ወይም በቢላ እስከ መሀል ወግተሽ አውጪና ከመሀል የወጣውን ቅመሺ፤ ላዩንማ ሁሉም ያሳምራል። ለጋ ቅቤ አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ላንቃ ላይ አይጣበቅም። ትንሽ ጎምዘዝ ቢል አትፍሪ፣ የእርጎው ነው። ስታቀልጪው ከሥር ብዙ ውኃ ካቆረ በቅቤ ዋጋ ውኃ ገዝተሻል።

ለኪራይ ቤቷ ልጄ፦ በእኛ ሰፈር ሴቶች በርበሬ ብቻችንን ገዝተን አናውቅም። አንዷ ግቢ አላት፣ አንዷ መርካቶ መግዛት ታውቃለች፣ አንዷ ጉልበት አላት። ገንዘቡን በዕቁብ እንሰበስባለን። ግቢ ያላት አስጥታ ትጠብቃለች፣ ሌሎቻችን እንቀነጥሳለን። ገንዘብ ያነሳት በጉልበቷ ትገባለች፣ ድርሻዋን እኩል ትወስዳለች። የአንድ ክፍል ተከራይ ልጆችም አብረውን አሉ። አንቺም ከሰፈርሽ ሴቶች ጋር ጀምሪው፣ ግቢ ያላት አንድ አትጠፋም።

የጎሮዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተራ በተራ አንብቤያችኋለሁ፣ እናቴም በስልክ አነበብኩላት። ሙዳይ፣ "ይህቺ ልጅ ባልትና ታውቃለች" ብላሻለች።

ባለ ሱቁ፣ በርበሬው አለ፤ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቀርቷል። እንዳልከው ከነላስቲኩ አስሬ ቀኑን ጽፌበታለሁ። ነገ ጠዋት ወረዳ እወስደዋለሁ። ያንን ሻጭ ለማስቀጣት ብቻ አይደለም፤ እሱም እንደመጣለት ነው የሚሸጠው ብያለሁ። ያቀረበለትን ሰው ስልክ ግን እሱ ያውቃል፣ እኔ ልጠይቀው አልችልም፣ እነሱ ይችላሉ። የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

ናሙና ተቀባይ፣ የመዳፉን ፈተና በተረፈኝ ቅቤ ላይ ሞከርኩት። እናቴ የላከችው ያለፈው ዓመት ጥቂት ነበረኝና ጎን ለጎን ቀባኋቸው። የእናቴ ወዲያው ውኃ ሆነ። የተገዛው ነጭ ሆኖ ቆየ፣ በሳሙና ነው የለቀቀልኝ። ስለዚህ የረጋ ዘይትም አለበት፣ ሥሩን የያዘው ሌላም ነገር አለበት። ለልጄ አልሰጣትም፣ ተወስኗል። ስለ ፋጉሎው የጻፍከው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወተት የምንገዛው ወደ ለገጣፎ መንገድ ከሚያረባ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ባለቤቴ ሄዶ መኖውን ያያል። ሰውየው ቅር ሳይለው እንዴት እንደሚጠየቅ ምክር ያለው ይጻፍልን፤ ደግ ሰው ነው፣ ልናስቀይመው አንፈልግም።

የኪራይ ቤት፣ የጻፍሽው ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። የት ሰፈር ነሽ? የእኛ ብሎክ ጣሪያው ላይ ማስጫ ሰፊ ቦታ አለ፣ ቁልፉም እኛ ጋ ነው። እማማ እንዳሉት ማድረግ እንችላለን። ሦስት ጎረቤቶቼን ጠይቄ ሁለቱ እሺ ብለዋል። ያሰብነው ኅዳር ሲገባ ዛላ በርበሬ በጋራ መግዛት ነው፤ ከዚያ በፊት አተርና ሽምብራ ለሽሮ። መግዛት የሚያውቅ ሰው ግን የለንም። ሙዳይ፣ አንድ ቀን መርካቶ አብረሽን ብትወጪ ትራንስፖርትሽን እንችላለን፣ ድርሻም ይኖርሻል።

የኪራይ ቤት፦

ሲኤምሲ ነኝ፣ ሩቅ አይደለሁም። እሑድ እሑድ ከሥራ እረፍት ነኝ፣ መቀንጠስም መልቀምም እችላለሁ። ገንዘቡን በአንዴ ማዋጣት ግን አልችልም፣ በየወሩ ከሆነ እገባለሁ። አንዲት የሥራ ጓደኛዬም ትገባለች፤ እሷ ሁለት ልጆች አሏት።

ሙዳይ፦

እመጣለሁ፣ ድርሻም ትራንስፖርትም አትበሉ። ረቡዕና ቅዳሜ መርካቶ ስለሚጨናነቅ በሌላ ቀን፣ በጠዋት እንውጣ። ማዳበሪያ ሳይሆን ንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ ኑ፣ ማዳበሪያው ምን እንደነበረበት አናውቅም። ወፍጮውን እኔ አውቃለሁ፤ የበርበሬው ወፍጮ ከእህሉ የተለየ ነው፣ ባለቤቱም አብሮ ቆሞ ማየትን አይከለክልም። ለሽሮው አተሩን ከመቁላታችን በፊት ሁላችንም ቁጭ ብለን እንለቅማለን፤ ጓያ ምን እንደሚመስል ያን ቀን በእጃችሁ ይዤ አሳያችኋለሁ።

ናሙና ተቀባይ፦

ስለ ወተቱ ሰውዬ፦ "ፋጉሎ ተወዶብናል ይላሉ፣ አንተ አሁን ከየት ነው የምታመጣው?" ብሎ መጀመር ጥሩ ነው። አርቢ ስለ መኖ ዋጋ ማውራት ይወዳል፣ ራሱ ወደ መጋዘኑ ይወስዳችኋል። እዚያ ስትገቡ ጆንያው መሬት ላይ ነው ወይስ እንጨት ላይ? ጣሪያው ያፈሳል? ፋጉሎው ተጣብቆ ረጥቧል፣ የሻጋታ ሽታ አለው? እነዚህን ማየት ይበቃል። መሬት ላይ ካገኛችሁት እንጨት ሥሩ እንዲያደርግ ንገሩት፣ ብዙ ወጪ የለውም፤ ብዙዎቹ ጉዳቱን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።